ጉድጓዱ ደረቅ ቢሆን ማን ይከፍላል?

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ እንድናገርበት የሰጠኝ ርእስ «የንጹሕ ኃይል ምንጮች ቴክኖሎጂ፣ ፖሊሲና የገንዘብ አቅርቦት» የሚል ነበር። ርእሱ እጅግ ሰፊ ነው። ስለ ውሃ፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ፀሐይና ስለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በየተራ ጥቂት ጥቂት ብናገር ሰዓቱ ያልቃል እንጂ ቁም ነገሩ አይጨበጥም። ስለሆነም ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ፣ ይኸውም በተለምዶ ጂኦተርማል የሚባለውን የከርሰ ምድር እንፋሎት፣ መርጫለሁ። የመረጥሁበትም ምክንያት ቴክኒክ፣ ሕግና ገንዘብ የሚጋጠሙበትን ቦታ ከሌሎቹ ይልቅ ገልጦ የሚያሳይ ስለ ሆነ ነው። በንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ብዬ ካልለየኋቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

የምድር ውስጥ ሙቀት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1886 እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃው አጠገብ ቤት ባያሠሩ ኖሮ አዲስ አበባ ዛሬ ባለችበት ስፍራ ባልተቆረቆረች ነበር። ሶደሬም ሆነ ወንዶ ገነት ስማቸው የተጠራው በፍልውሃቸው ነው። ከዳሎል ጀምሮ እስከ አባያ ሐይቅ ድረስ በተዘረጋው የስምጥ ሸለቆ የምድር ቅርፊት የሳሳ፣ ሙቀቱም ለገጸ ምድር የቀረበ ነው። ለዚህም ነው አገራችን እስከ 10,000 ሜጋዋት የሚደርስ የእንፋሎት ኃይል አላት የሚለው ግምት በየሪፖርቱ የሚጠቀሰው። እኔ በበኩሌ ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ነው የምመለከተው። ያልተቆፈረ እንፋሎት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነውና በመሐንዲስ መዝገብ ላይ ሊሰፍር የሚገባው በጉድጓዱ አፍ የተለካው ብቻ ነው። የተለካው ደግሞ በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው። ለምን ጥቂት ሆነ የሚለው ጥያቄ የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ ነው።

ቴክኒኩን ለማስረዳት ብዙ ጊዜ አልወስድም፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ውሃ በራሱ ግፊት እየፈላ ይወጣል፤ እንፋሎቱ ከውሃው ተለይቶ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ የቀረው ውሃ በሌላ ጉድጓድ ወደ መሬት ይመለሳል። ሙቀቱ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ውሃው እንደ ፔንቴን ያለ በአነስተኛ ሙቀት የሚተን ፈሳሽ እንዲያሞቅ ይደረግና ተርባይኑን የሚያዞረው ያ ፈሳሽ ይሆናል። ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው። በ1904 ጣሊያን አገር ላርዴሬሎ በተባለው ስፍራ መስፍን ፒዬሮ ጂኖሪ ኮንቲ ከመሬት በወጣ እንፋሎት አምስት አምፖሎች አበሩ፤ በ1913 ደግሞ እዚያው 250 ኪሎዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። እንግዲህ ቴክኖሎጂው ገና ያልደረሰ፣ ያልተፈተነ ነው ሊባል አይችልም። ለመቶ ዓመት ያህል ያልተፈታው ጥያቄ ሌላ ነው።

በናፍጣ የሚሠራ ጣቢያ ስንተክል ማሽኑ ርካሽ ነው፤ የነዳጁን ዋጋ ግን በየቀኑ፣ እየተጠቀምንበት እንከፍላለን። የእንፋሎት ጣቢያ የዚህ ተቃራኒ ነው። የ25 ዓመት ነዳጃችንን በአንድ ጊዜ፣ በቅድሚያ፣ ይባስ ብሎም መኖሩን እንኳ ሳናረጋግጥ እንገዛለን ማለት ነው። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ እንደ ጥልቀቱና እንደ ስፍራው ከ3 እስከ 7 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል። የቁፋሮው ወጪ ከጠቅላላው የጣቢያ ወጪ ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። የመሬት አጥኚዎች የድንጋዩን ዓይነት፣ የፍልውሃውን ኬሚካል፣ የምድሩን የኤሌክትሪክ ጠባይ መርምረው «እዚህ ቆፍሩ» ይሉናል። ነገር ግን የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የቁፋሮው መሣሪያ ነው። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ14 አገሮች የተቆፈሩ ከ2,600 በላይ ጉድጓዶችን መዝገብ ሰብስቦ በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከጉድጓዶቹ 78 በመቶው የተሳኩ ሲሆኑ በፍለጋው ወቅት የተቆፈሩትን ብቻ ስንወስድ ግን ቁጥሩ ወደ 59 በመቶ ይወርዳል። ከ10 ጉድጓዶች 4ቱ ከንቱ ሊቀሩ ይችላሉ ማለት ነው። ይህን ሁኔታ አይቶ የትኛው ባንክ ብድር ይሰጣል? ባንኩ «እንፋሎቱን አሳዩኝ፣ ገንዘቡን እሰጣችኋለሁ» ይላል። እንፋሎቱን ለማሳየት ደግሞ ገንዘቡ ያስፈልጋል።

ከግድብ ጋር ብናነጻጽረው ልዩነቱ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የወንዝ ፍሰት ዓመታት ሙሉ ተለክቶ የተያዘ መዝገብ አለው፤ ግድቡም እያደገ በዓይን ይታያል። በመጋቢት ወር 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የህዳሴ ግድብ በሕዝብ ቦንድና መዋጮ ተሠርቶ በጳጉሜን ወር 2017 ዓ.ም. ለመመረቅ የበቃው፣ ሌላው ምክንያት እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ሕዝቡ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ስለ ቻለ ጭምር ነው። አሁን ደግሞ «ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው፣ ምናልባት ደረቅ ሊሆን የሚችል ጉድጓድ ስለምንቆፍር ቦንድ ግዙ» ብለን ብንወጣ ስንት ሰው ይከተለናል? ሰዉን አልወቅስም፤ እኔም ራሴ በወር ደመወዜ አልገዛውም። ስለዚህ የእንፋሎት ኃይል መንገድ ከግድብ መንገድ የተለየ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የሁለት ጎረቤታሞችን ታሪክ ላንሣ። ኢትዮጵያና ኬንያ በአንድ ስምጥ ሸለቆ ላይ የተቀመጡ አገሮች ናቸው። ሁለቱም በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970 አካባቢ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ርዳታ ጥናታቸውን ጀመሩ። ኬንያ ከዚያ በፊት፣ በ1956፣ ኦልካሪያ ላይ ሁለት ጉድጓዶች ቆፍራ ሳይሳካላት ቀርቶ ነበር። ከ1970ዎቹ ቁፋሮ በኋላ ግን በ1981 በዓለም ባንክ ብድር ጭምር 15 ሜጋዋት የሚያመነጨውን የመጀመሪያውን ተርባይን አስነሣች፤ በ1985 የጣቢያው አቅም 45 ሜጋዋት ደረሰ። ዛሬ ኬንያ ከ900 ሜጋዋት በላይ የእንፋሎት ጣቢያ አላት። ከምታመነጨውም ኤሌክትሪክ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከመሬት ሥር የሚወጣ ነው።

እኛስ? ኬንያ የመጀመሪያውን ተርባይን ባስነሣችበት በዚያው በ1981 እኛ በላንጋኖ ሐይቅ ሰሜን በሚገኘው በአሉቶ ተራራ ላይ ጥልቅ ቁፋሮ ጀመርን። እስከ 1985 ድረስ 8 ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ጥልቀታቸው እስከ 2,500 ሜትር የደረሰ፣ ሙቀታቸውም ከ300 ዲግሪ በላይ የተለካባቸው ይገኙባቸዋል። ይህ በዓለም ደረጃ የሚያኮራ ውጤት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቁፋሮው ቆመ። በመካከሉ ድርቅና ጦርነት ነበረ፤ መንግሥትም ተለወጠ። ከ7 ሜጋዋት ጥቂት ከፍ የሚል የሙከራ ጣቢያ ተተክሎ ኃይል መስጠት የጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከመጨረሻው ጉድጓድ እስከ መጀመሪያው አምፖል ድረስ 13 ዓመታት ያህል ያለፉ ሲሆን፣ ጉድጓዶቹ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጡ ናቸው።

የሚያሳዝነው ግን መዘግየቱ ብቻ አይደለም። ጣቢያው ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አቅሙ እየደከመ ሄዶ ቆመ። በ2007 ጥገና ተደርጎለት በከፊል ተነሣ። የሙቀት መለዋወጫዎች አፈሰሱ፤ መለዋወጫ ዕቃና ዕቃውን የሚገጥም የሠለጠነ ሰው በበቂ አልተገኘም። መሐንዲስ ለሆነ ሰው ይህ የሚያስገርም አይደለም። ከመሬት የሚወጣው ውሃ ማዕድን ያዘለ ስለሆነ ቱቦውን ይበላል፣ ይደፍናል። ይህ ከመጀመሪያው ቀን የሚታወቅ ጠባዩ ነው። እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው «ለምን ተበላሸ?» ሳይሆን «ሲበላሽ ለመጠገኛ የሚሆነው የውጭ ምንዛሪ በየትኛው ውል፣ በየትኛው የሂሳብ ቋት ተቀምጦ ነበር?» የሚለው ነው። የውጭ አበዳሪ ለምርቃት የሚበቃ ጣቢያ እንዲሠራ ብዙ ጊዜ ፈቃደኛ ነው፤ ከምርቃቱ በኋላ በስድስተኛው ዓመት ለሚያስፈልገው ቱቦና ቫልቭ ግን የሚያበድር እምብዛም አይገኝም። ንጹሕ ኃይል የምንለው ነገር ሲቆም የሚተካው በናፍጣ ወይም በጨለማ ስለሆነ፣ የጥገና ገንዘብ ከንጽሕናው ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

ኬንያውያን ከእኛ የተሻለ መሬት ስላላቸው ነው የሚል ይኖር ይሆናል። የአሉቶ ሙቀት ይህን አባባል አይደግፍም። እኔ እንደማየው ልዩነቱ ኬንያ ቁፋሮዋን ባለማቋረጧ ላይ ነው። አንድ የቁፋሮ ቡድን ሥራ ሲያጣ መሣሪያው ይዛጋል፣ ሰዎቹም ይበተናሉ፤ ከ10 ዓመት በኋላ እንደገና ለመጀመር ሁሉንም ከሀ ማስተማር ያስፈልጋል። አይስላንድ ከ1979 እስከ 2019 በተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ ስም በሰጠችው የጂኦተርማል ሥልጠና ከፍተኛውን የሠልጣኝ ቁጥር የላከችው ኬንያ ናት። የእኛም ባለሙያዎች እዚያ ሠልጥነዋል፤ ይሁንና የሠለጠነ ሰው ተመልሶ የሚያገኘው የሚሽከረከር መሣሪያ ካልሆነ ሥልጠናው በወረቀት ይቀራል። በ2019 የኬንያ የኃይል አመንጪ ኩባንያ በቱሉ ሞዬና በአሉቶ የቁፋሮ ሥራ ውል ያዘ። ጎረቤት መጥቶ ቢቆፍርልን ነውር የለበትም፤ ሆኖም በአንድ ዘመን የጀመሩ ሁለት አገሮች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ አንዱ ቆፋሪ፣ ሌላው አስቆፋሪ መሆናቸው ሊያስተምረን ይገባል።

ከዚህም ሌላ ኬንያ በ2008 አንድ ተቋም አቋቋመች። የጂኦተርማል ልማት ኩባንያ የሚባለው ይህ የመንግሥት ድርጅት የቁፋሮውን ኪሳራ ራሱ ተሸክሞ፣ እንፋሎቱ ከተገኘ በኋላ ለኃይል አመንጪዎች እንዲሸጥ የተደረገ ነው። የግል ባለሀብቱ ደረቅ ጉድጓድ የሚለውን ፍርሃት ትቶ በታወቀ እንፋሎት ላይ ተርባይን ይተክላል። አሳቡ ግሩም ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ያለ እንከን አልነበረም። በሜኔንጋይ ቁፋሮው በ2011 ተጀምሮ የመጀመሪያው 35 ሜጋዋት ጣቢያ ኃይል የሰጠው በ2023 ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ እንፋሎቱ ተገኝቶ፣ ብድሩና ዋስትናው ዓመታት ሙሉ ሲጠበቅ ቆየ። ስለሆነም ኬንያን እንደ ገነት ልናያት አይገባም። መንግሥት አንዱን ሥጋት ቢሸከም ቀሪዎቹ ሥጋቶች በራሳቸው አይወገዱም።

አይስላንድ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዳለች። በ1967 በተቋቋመው ብሔራዊ የኃይል ፈንድ አማካይነት ለሚቆፍሩ ከተማዎችና ድርጅቶች ብድር ትሰጥ ነበር። ጉድጓዱ ከተሳካ ብድሩ ከነወለዱ ይመለሳል፤ ደረቅ ከሆነ ብድሩ ይሰረዛል። ዛሬ በዚያች አገር ከ10 ቤቶች 9ኙ የሚሞቁት በከርሰ ምድር ሙቀት ነው። ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። ዕድር ማለት ይኸው አይደለምን? ሁሉም በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፤ የሞት ጥላ ያረፈበት ቤት ብቻውን አይቀብርም። ማን ቤት መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም፤ ባይታወቅም ሸክሙ የአንድ ሰው እንዳይሆን ይደረጋል። ደረቅ ጉድጓድም እንዲሁ በአንድ ፕሮጀክት ላይ ብቻ ሲወድቅ ይገድላል፤ በሃያ ፕሮጀክቶች ሲካፈል ግን በሂሳብ የሚያዝ ተራ ወጪ ይሆናል።

ይህን መሰል ፈንድ ለአፍሪካ ምሥራቅ ተቋቁሟል። ከ2012 ጀምሮ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ከጀርመን መንግሥት ጋር በመተባበር የሚያስተዳድረው የጂኦተርማል ሥጋት መቀነሻ ፈንድ ለገጸ ምድር ጥናት እስከ 80 በመቶ፣ ለፍለጋ ቁፋሮ እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ወጪ የሚሸፍን ርዳታ እንዲሰጥ የተመሠረተ ነው። ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ነገር ግን የቀረውን 60 በመቶ የቁፋሮ ወጪ ማን ያቀርባል? ርዳታውን የሚያገኘው የራሱን ድርሻ ይዞ የመጣ ስለሆነ፣ ብዙ የተፈቀዱ ርዳታዎች ድርሻቸውን የሚያሟላ ሲጠፋ ሥራ ላይ ሳይውሉ መቆየታቸው አይቀርም። የውጭ ርዳታ የራስን መዋጮ ይከተላል እንጂ አይተካም።

አሁን ስለ ወለድ ጥቂት ልናገር፤ በእኛ በመሐንዲሶች ዘንድ ይህ ጉዳይ የባንክ ሰዎች ሥራ ነው ተብሎ የሚታለፍ በመሆኑ ነው። ለአብነት ያህል ብቻ፣ 50 ሜጋዋት የሚያመነጭ የእንፋሎት ጣቢያ በኪሎዋት 4,000 ዶላር ወጣበት እንበል። ጠቅላላ ወጪው 200 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ጣቢያው ከዓመቱ ሰዓት 90 በመቶውን ቢሠራ በዓመት 394 ሚሊዮን ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ያመነጫል። ገንዘቡን በ3 በመቶ ወለድ ተበድረን በ25 ዓመት ብንከፍል፣ የብድሩ ክፍያ ብቻ በኪሎዋት-ሰዓት 2.9 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ይደርሳል። ያንኑ ገንዘብ በ12 በመቶ ብንበደር 6.5 ሳንቲም ይሆናል። ልብ በሉ፤ ተርባይኑ ያው፣ ጉድጓዱ ያው፣ መሐንዲሱም ያው ነው። የተርባይኑን ብቃት በሁለት ወይም በሦስት በመቶ ለማሻሻል ዓመታት እንደክማለን፤ በወለዱ ላይ ያለው ልዩነት ግን የኃይሉን ዋጋ ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። አበዳሪው ከፍ ያለ ወለድ የሚጠይቀው ደግሞ በክፋት አይደለም፤ ደረቁን ጉድጓድና የማይከፍለውን ገዢ አስቦ ነው። ከእነዚህ ሁለት ፍርሃቶች አንዱን ያስወገደ ፖሊሲ ከየትኛውም አዲስ ተርባይን የበለጠ ኃይሉን ያረክሰዋል።

ሁለተኛውን ፍርሃት፣ ማለትም የገዢውን የመክፈል አቅም፣ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ኃይሉ የሚሸጠው በብር ነው፤ ዕዳው የሚከፈለው በዶላር ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲተው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የተፈረመ የ25 ዓመት የኃይል ግዥ ውል ያለበት ድርጅት በዚያ ሰሞን ዕዳው በብር ሲሰላ ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ይህን ኪሳራ ማን ይሸከም? ባለሀብቱ ከሆነ አስቀድሞ በዋጋው ላይ ይጨምረዋል። መንግሥት ከሆነ ዋስትና ይሰጣል፤ ዋስትናውም በአገሪቱ ዕዳ ላይ ይቆጠራል። ተጠቃሚው ከሆነ በየወሩ ሂሳቡ ይንራል። ሁሉም መልስ የሚያሳምም ነው፤ ያልተመለሰ ጥያቄ ግን ከሁሉም የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ድርድሩን ያራዝማል። ስለ ኮርቤቲ የመጀመሪያው ስምምነት የተፈረመው በ2013 ሲሆን፣ የኮርቤቲና የቱሉ ሞዬ የኃይል ግዥ ውሎች የተፈረሙት በ2017 መጨረሻ፣ የተሻሻሉትም በ2020 ነው። ከ2017ቱ ፊርማ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ከሁለቱ ስፍራዎች አንድም ኪሎዋት-ሰዓት ወደ መስመር አልገባም።

ሕጉን በተመለከተ ቅሬታ ማብዛት አልፈልግም። የእንፋሎት ሀብት ለብዙ ዘመን በማዕድን ሕግ ውስጥ ተሸጉጦ ኖሮ፣ በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 981 የራሱን ሕግ አግኝቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ መብትንና ግዴታን ይደነግጋል እንጂ ጉድጓድ አይቆፍርም፤ ፈንድ የሌለው ሕግ ጎተራ እንደሌለው ማሳ ነው።

ቴክኖሎጂው ራሱ ለገንዘቡ ችግር መልስ የሚሰጥበት ቦታም አለ፤ ኬንያውያን አሁንም ቀድመውናል። ከ2012 ጀምሮ በኤቡሩና በኦልካሪያ በጉድጓዱ አፍ ላይ የሚተከሉ ትናንሽ ማመንጫዎችን ይጠቀማሉ። ትልቁ ጣቢያ እስኪሠራ ድረስ አንድ ጉድጓድ ብቻውን ጥቂት ሜጋዋት ያመነጫል። ብቃታቸው ከትልቁ ጣቢያ ያነሰ ስለሆነ ብዙ መሐንዲስ ይንቃቸዋል። ዳሩ ግን ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ ባለው ጊዜ ውስጥ ገቢ ያስገኛሉ፤ የእንፋሎቱንም ጠባይ ለዓመታት በተግባር ያሳያሉ። ይህ መረጃ ደግሞ ለአበዳሪው ከየትኛውም ጥናት ይበልጣል። አሉቶ ከመጨረሻው ጉድጓድ በኋላ ለ13 ዓመታት ያለ ሥራ ከተቀመጠ፣ እንዲህ ያለ አንድ ማመንጫ ቢኖረው ኖሮ የዚያን ጊዜ ሁሉ የጥገናና የሥልጠና ወጪ ራሱ በቻለ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከእናንተ መካከል «የህዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋዋት እያለው ስለ 50 ሜጋዋት ምን ያስጨንቀናል?» የሚል እንዳለ እገምታለሁ፤ ከጉባኤው በፊት በሻይ ሰዓት ይህንኑ ጥያቄ ሰምቻለሁና። መልሴ አጭር ነው። በ2003 እና በ2009 የግድቦቻችን ውሃ በማነሱ ኃይል በፈረቃ የተሰጠበትን ጊዜ አንርሳ። ከ10 ኪሎዋት-ሰዓት 9ኙን ከዝናብ የሚያገኝ አገር በድርቅ ዓመት የሚደገፍበት ሌላ ትከሻ ያስፈልገዋል። እንፋሎት ዝናብን አይጠብቅም፤ ሌሊትም አይተኛም። ደግሞም ጥቅሙ ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም። በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ዳር የሚገኝ የአበባ እርሻ ግሪንሃውሶቹን የሚያሞቀው ከኦልካሪያ ጉድጓድ በሚገኝ ሙቀት ነው። የእኛም የአበባ እርሻዎች ብዙዎቹ የሚገኙት በዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ በአሉቶ ጥግ ነው።

እንግዲህ ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። አንደኛው፣ ብሔራዊ የቁፋሮ ፈንድ፣ እኔ የቁፋሮ ዕድር ብዬ የምጠራው፣ እንዲቋቋም ማኅበሩ ረቂቅ አዘጋጅቶ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ያቅርብ። ከየት ይገኛል ለሚለው፣ አገሪቱ በዓመት 20 ቢሊዮን ኪሎዋት-ሰዓት ትሸጣለች ብለን ብናስብ፣ በኪሎዋት-ሰዓት 5 ሳንቲም በዓመት 1 ቢሊዮን ብር ያስገኛል። በወር ከ50 ኪሎዋት-ሰዓት በታች የሚጠቀመው ደኻ ቤተሰብ ነጻ ሊሆን ይገባዋል፤ እሱ ተቀንሶም ቢሆን በዓመት አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ለመቆፈር የሚበቃ ገንዘብ ይገኛል። አንድ ጉድጓድ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚቆፈር አንድ ጉድጓድ ቡድኑን አንድ ላይ ያቆያል፤ የራስን ድርሻ ለሚጠይቀው የአፍሪካ ኅብረት ፈንድም ድርሻ ይሆናል። የተሳካው ጉድጓድ ለአመንጪው ሲሸጥ ገንዘቡ ወደ ፈንዱ ይመለሳል፤ ደረቁ ግን ለማንም ዕዳ አይሆንም።

ሁለተኛውም ከዚህ ያልተናነሰ ነው። አባሎቻችን በየመሥሪያ ቤቱ የጨረታና የብድር ሰነድ የሚያዘጋጁ ናቸው። ከእንግዲህ በእጃችን የሚያልፍ ማንኛውም የኃይል ጣቢያ ሰነድ ቢያንስ የ10 ዓመት መለዋወጫና የኦፕሬተሮች ሥልጠና፣ ከገቢው ላይ በውጭ ምንዛሪ የሚቀመጥ የጥገና ሂሳብ ጭምር፣ በግልጽ የተጻፈበት እንዲሆን ማኅበሩ የአሠራር ደንብ ያውጣ። የዚህ ዓይነት አንቀጽ የጣቢያውን ዋጋ ከፍ ስለሚያደርገው አለቆች «ይውጣ» ማለታቸው አይቀርም። አንድ ወጣት መሐንዲስ ብቻውን ሊከራከር ይቸግረዋል፤ የማኅበሩን ደንብ ይዞ ግን ሊከራከር ይችላል።

በተጨማሪም ከ1981 ጀምሮ በአሉቶ፣ በኋላም በተንዳሆና በሌሎች ስፍራዎች የተቆፈሩት ጉድጓዶች የሙቀት፣ የግፊትና የኬሚካል መዝገብ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ለሚቆፍር ሁሉ ክፍት ቢሆን፣ ቀጣዩ ቆፋሪ እኛ አንድ ጊዜ የከፈልንበትን ዕውቀት ዳግመኛ አይገዛም። ይህን ለመጀመር ገንዘብ እንኳ ብዙ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቁልፍ የያዙት ሰዎች ፈቃድ ነው።

የፈንዱን ረቂቅ ለማዘጋጀት አንድ ኮሚቴ እንዲሰየም ለጉባኤው በጽሑፍ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ በነገው የከሰዓት በኋላ ስብሰባ ለውይይት ይቀርባል። ከባንክና ከሕግ ሙያ የመጡ እንግዶቻችንም በኮሚቴው ውስጥ እንዲገቡ እጠይቃለሁ፤ መሐንዲሶች ብቻችንን ብናዘጋጀው ስለ ወለዱና ስለ ዋስትናው የምንጽፈው አንቀጽ የሚያስቅ ይሆናልና። ፈቃደኞች የሆናችሁ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድትሰጡ በአክብሮት አሳስባለሁ።